ከኮርኒስ በላይ፣ ከአልጋ በታች

«እሱን እለፊው፤ ክፍል አይደለም፣ አየር ነው» አለች የአጎቴ ልጅ። የምትነግረው ከምዝገባ መሥሪያ ቤት ለመጣችው ቀያሽ ነው። እኔና አክስቴ ከብረት ደረጃው ሥር ቆመን፣ እሷ የታጠበ ልብስ የሞላ ሳፋ ታቅፋ፣ እኔ የቀለም ቆርቆሮዬን አንጠልጥዬ፣ አንዲት ቃል ሳታመልጠን ሰማን። አክስቴ ሳፋውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። እኔ ስድብ ጠብቄ ነበር፤ አክስቴ መሳደብ ስትጀምር ሰፈሩ ሥራ ፈትቶ ነው የሚያዳምጣት። እሷ ግን ቀና ብላ፣ «ልጄ፣ ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን አየር ላይ ተንጋልዬ ስተኛ ምነው አልወደቅሁም?» አለች። ቀያሿ ሳቋን በታብሌቷ ከለለች። የአጎቴ ልጅ ግን አልሳቀችም። «እትዬ፣ እኔ ካርታው ላይ ያለውን ነው የተናገርኩት» ብላ ወደ ላይ ወጣች፤ የጫማዋ ተረከዝ ብረቱን ቋ ቋ እያደረገ።

ቤቱን እንደ ሽንኩርት ልጬ ላሳያችሁ። ከሥር የአጎቴ የልብስ ስፌት ሱቅ ነው። አያቴ ሲያሠራው ቁመቱን ያን ያህል ያስረዘመው ቀጭኔ ሊያረባበት አስቦ ነው ይባላል፤ ይባላል ስል የምለው እኔው ነኝ። በኋላ ያ ሁሉ ቁመት ለሸረሪት ከሚቀር ተብሎ ከመሐል ሞራሌ ተጋደመ፣ ሳንቃ ተመታበት፣ ቆጥ ሆነ፤ እሱ ነው የአክስቴ ክፍል። ረዘም ያለ ሰው ከገባ ጣሪያው ጸጉሩን ያበጥርለታል። አልጋ አለ፣ ወደ ጎዳናው የሚያይ መስኮት አለ፣ በቀለም በቀለማቸው የተለዩ የልብስ ቁልፍ ጣሳዎች የተደረደሩበት መደርደሪያ አለ። የሚገባበትም በውጭ በኩል በብረት ደረጃው ነው። ከእሷ በላይ ደግሞ አጎቴና ልጁ የሚኖሩበት ፎቅ አለ። አያቴ ሊሞት ሲል «መሐሉ የሷ ነው» ብሎ በአፉ ተናዟል። አፍ ግን ካርታ ላይ አይወጣም።

የድሮው ካርታ የወፍ ሥራ ነው፤ ወፍ ጣሪያውን ታያለች እንጂ ጣሪያው ሥር ማን ከማን በላይ እንደተኛ አታይም። ስለዚህ ካርታው ላይ ቤታችን አንድ አራት ማዕዘን ነው፤ ውስጡም አንድ ስም፣ የአጎቴ። አዲሱ ምዝገባ ግን ስፋት ብቻ ሳይሆን ቁመትም ይመዘግባል። እያንዳንዱ ክፍል እንደ ሣጥን ይሳላል፣ ሣጥን በሣጥን ላይ ይደረደራል፣ በየሣጥኑ የባለቤቱ ስም ይገባል። ለእኛ ብሎክ የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነበር። ራሱን ችሎ ያልተመዘገበ ክፍል በጎረቤቱ ሣጥን ይዋጣል፤ ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነ ደግሞ ፈጣሪ እንጂ መሥሪያ ቤቱም አያውቅም። የአጎቴ ልጅ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ባለፈው ሰሞን አንድ ገዢ ይዛ መጥታ ነበር፤ ሰውየው ሱቁ መሐል ቆሞ ወደ ኮርኒሱ አንጋጦ፣ «ይሄ ሳንቃ ቢነሳ እንዴት ያለ አዳራሽ ይወጣዋል!» ሲል፣ አክስቴ ከዚያው ሳንቃ በላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክል ነበር።

ሳንቃው ላይ ቀዳዳ አለ። ጭንቅላት የምታህል ቅርጫት ያሳልፋል፤ ትከሻ አያሳልፍም። አጎቴ ከታች ቆርጦ በመኪና ይሰፋል፣ ኮቱን ቅርጫት ውስጥ ያኖራል፣ ገመዱን አንዴ ሳብ ያደርጋል። አክስቴ ከላይ ትጎትታለች፣ የቁልፍ ቀዳዳውን ትዘመዝማለች፣ ቁልፉን ትተክላለች፣ መልሳ ታወርዳለች። ሥራው ከጣመው በጠመኔ ክብ ያደርግበታል፤ ካልጣመው መስቀለኛ። ወንድምና እህት ሆነው ከዚህ ሌላ ንግግር የላቸውም፤ ካልተነጋገሩ ዓመታት ሆኗቸዋል። ምክንያቱን እኔ በሦስት ዓይነት አወራዋለሁ፣ እንደ አድማጩ እየለዋወጥኩ፤ እውነተኛውን ግን ራሳቸውም የረሱት ይመስለኛል። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ ሰዎች። የእነሱ ዝምታ መንቀዝ ቀርቶ በቅሎ ቅጠል አውጥቷል። እሷ ካሳለች በሚቀጥለው ቅርጫት ኮት እጅጌ ውስጥ ሎሚ ይመጣል። እሱ በካውያ ሱሪ አቃጥሎ ሲራገም ከተሰማ፣ ሳይጠየቅ ያንኑ ዓይነት ጨርቅ ቁራጭ ከላይ ይወርዳል። ግን «እንዴት አደርሽ» የለም፣ «እንዴት አደርክ» የለም።

ቀያሿ ባለ ሦስት እግር መሣሪያዋን ይዛ መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ ተከለችው። መሣሪያው ራሱን እንደ ጉጉት እያዞረ በማይታይ ጨረር ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ኮርኒሱን ሁሉ ይነካል፤ የነካውን ታብሌቱ ላይ በነጠብጣብ ይስላል። ችግሩ ጨረሩ ሽቅብ ሄዶ ቀዳዳውን ማግኘቱ ነው። በቀዳዳው ገብቶ የአክስቴን ጣሪያ ነክቶ ተመለሰ። ታብሌቱም ሱቁንና ቆጡን አንድ ክፍል ነው ብሎ በአንድ ቀለም ቀባቸው። የአጎቴ ልጅ ለዚች ጊዜ ከላይ ወርዳ ኖሯል። «ይኸው፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ማሽኑ ነው» አለች።

ቀያሿ ወደ አክስቴ ክፍል ወጣች። ባርኔጣዋን ጣሪያው ላይ ቋ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ ቅር እንዳይልዎ...» ስትል አክስቴ አቋረጠቻት።

«እማማ ያልሽው ማንን ነው? እትዬ በይኝ፤ ጥርሴ ገና ሙሉ ነው።»

«እሺ እትዬ። እኔ ልመዘግብልዎ እፈልጋለሁ። ግን መስፈርት አለ። አንድ ክፍል ከላይም፣ ከታችም፣ ከጎንም ዙሪያውን መዘጋት አለበት። አንድ ቦታ ክፍት ከሆነ ኮምፒውተሩ የት እንደሚያልቅ አያውቀውም። ከጎረቤቱ ጋር መደራረብም አይችልም፤ በመሐላቸው ባዶ መተውም አይቻልም።»

አክስቴ መርፌዋን ቀሚሷ ላይ ሰክታ አሰበች። «ጆንያ ማለትሽ ነው። አንድ ጥጉ ሳይሰፋ ከቀረ እህሉ ሁሉ ይፈስሳል።»

«በቃ እሱ ነው!»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትይም? መስፈርት መስፈርት ትይኛለሽ። ስፌት እኮ ነው።»

ቀያሿ ቀዳዳውን ለጊዜው በካርቶን ሸፍና ክፍሉን ብቻውን ልታነሳው መሣሪያዋን ተከለች፤ ጨረሩ እስኪዞር ሁላችንም ውጭ ደረጃው ላይ መቆየት ነበረብን። እኔ ደግሞ ሰው ሲቸገር እጄን አጣጥፌ ማየት አይሆንልኝም። ታፔላ እየጻፍኩ ነው የምኖረው፤ ስምንተኛ ክፍልንም ሁለቴ አይቼዋለሁ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይሻልም። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፦ መስተዋት ጠባብ ቤት ያሰፋል። እና አክስቴና ቀያሿ ስለ ጆንያው ሲያወሩ፣ እኔ ከሱቁ የልብስ መለኪያ መስተዋቱን በጨርቅ ሸፍኜ በብረት ደረጃው አወጣሁ፤ ሰው የለበሰው አልጋ ልብስ ይመስል ነበር። በጎረቤታችን ፋርማሲ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አስጠግቼ አቆምኩት። ሁሉም ወደ ውጭ ሲወጣ ጨርቁን ገፈፍኩትና ተከትዬ ወጣሁ። አክስቴ ምነው ሰፋ ብላ ብትመዘገብ! ማንን ይጎዳል ብዬ ነበር።

ፋርማሲስቱ ተጎዳ። የጋራ ግድግዳውን እንዲያረጋግጥ ከሥራው ተጠርቶ ነጭ ጋውኑን ለብሶ መጣ፤ ሥርዓት ያለው ሰው ነው፣ ሰላምታውን እንኳ በማንኪያ ለክቶ ነው የሚሰጠው። ቀያሿ ታብሌቷን ሰጠችው። አየ፣ ቀረብ አድርጎ አየ፣ መነጽሩን አወለቀና መልሶ አየ።

«ይቺ አልጋ የማን ናት?»

«የእትዬ ናት» አለች ቀያሿ።

«መደርደሪያዬ ውስጥ ምን ትሠራለች? ትራሷ እኮ የራስ ምታት ክኒኖቼ ላይ ነው!»

አክስቴ በትከሻው ላይ ተንጠራርታ ተመለከተች። በእርግጥም የእሷ ክፍል ጎን ሌላ ክፍል በቅሏል፤ አልጋ ከነመስኮቱ፣ ከነጣሳዎቹ፣ ግድግዳውን በርቅሶ ፋርማሲው ውስጥ ገብቷል። «እኔ ምን አውቄ» አለች፣ «ግን ትራስ ለማኖር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።» ታብሌቱ ቀይ ሆኖ ይጮሃል፤ ሁለት ባለቤት አንድ ቦታ ላይ ሲገናኝበት እንዲህ ነው የሚያደርገው። የአጎቴ ልጅ ፋርማሲስቱን አጽናናችው፤ «አየህ፣ አየር ስለሆነ ነው የትም የሚገባው።» ፋርማሲስቱ ግን ክሱን ጀምሮታል፤ በሕግ እንደሚሄድ፣ የአባቱ ግድግዳ እንደሆነ፣ ከመድኃኒት ጋር ማንም እንዲተኛ እንደማይፈቅድ።

ቀያሿ ሥዕሉን በጣቷ አሽከረከረችው። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ጣሳዎቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይሄዳሉ፤ የበቀለው ውስጥ ከትንሽ ወደ ትልቅ። የመስኮቱም እጀታ በግራ መሆኑ ቀርቶ በቀኝ ነው። ገባችና መስተዋቱ ፊት ቆመች። ራሷን አየች፣ ባርኔጣዋን አስተካከለች፣ ከዚያ ዞራ፣ «ማነው?» አለች። አንድም ሰው ስሜን አልጠራም። አያስፈልግም ነበር፤ ሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

«ሰፋ ብላ እንድትመዘገብ ብዬ ነው» አልኩ።

«ወደ ሰው ቤት ነው የምታሰፋኝ?» አክስቴ አንገቷ ላይ ያለውን የልብስ ሜትር አውልቃ ጀርባዬን ለካችኝ፤ ባልሳሳት ሦስት ሜትር ያህል ቀመስኩ። ፋርማሲስቱ ሳቁ ሲያመልጠው ተመልሶ መኮሳተር እንዳያቅተው ፈራና ሮጦ ወደ ክኒኖቹ ሄደ። ቀያሿ ግን ሰዓቷን አይታ አልሳቀችም። የቀሩ ቤቶች አሉባት፤ ሠርታ ጨርሳ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች፤ እስከዚያ ቀዳዳው እውነተኛ መክደኛ ይበጅለት፤ ካርቶን ግድግዳ አይባልም፣ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ግን እንደ ግድግዳ ይቆጠራል፤ አለችና ሄደች።

መክደኛውን እኔ አመጣሁ፤ ጥፋቴን ለመካስ። አንድ የጥርስ ሐኪም አዝዞኝ ሳይወስደው የቀረ ታፔላ ነበረኝ፤ ቆርጬ፣ ማጠፊያ መትቼ፣ በልኩ አስተካከልኩት። ጽሑፉ ወደ ላይ ይሁን ብል አክስቴ እምቢ አለች፤ ሌሊት ስነሳ አላነብም ብላ። ስለዚህ ወደ ታች ሆነ። ዛሬም የአጎቴ ደንበኞች ወገባቸው ሲለካ ቀና ካሉ ኮርኒሱ ላይ «ያለ ሕመም እንነቅላለን» የሚል ያነባሉ።

ከመክደኗ በፊት አክስቴ ቅርጫቱን ለመጨረሻ ጊዜ አወረደች፤ ጠዋት የጨረሰችው ግራጫ ኮት ነበር። ቆይቶ ገመዱ ተሳበ፤ ጎተተች። ኮቱ ተመልሶ መጣ። ገለበጠችው፣ ገበሩን አየች፣ አንገትጌውን አየች። ክብ የለበትም። መስቀለኛም የለበትም። ኮቱን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረችው። ከታች የስፌት መኪናው ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል።

«ከጠዋት ጀምሮ ሁሉንም ሰምቷል» አለችኝ። «አየር ነው ስትለኝ ሰምቷል። ከመድኃኒት ጋር ተኛች ሲባል ሰምቷል። ትንፍሽ አላለም።»

«ጋሼ እኮ መናገር...»

«ለዛሬ እንኳ?» አለች። «ለዚህ ሰው ዕድሜ ልኬን ቁልፍ ተክዬለት፣ ዛሬ እንኳ ‹የሷ ነው› ብሎ ሁለት ቃል? ከልጁ ጋር ነው። በቃ፣ ገባኝ።» መክደኛውን ራሷ ገፋችው። ሲገጥም የስፌት መኪናው ድምፅ ከቤቱ የወጣ ያህል ራቀ። ክፍሉ ያን ጊዜ ነበር አየር የመሰለው፤ ይሄን ግን ለእሷ አላልኳትም።

ቀያሿ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል ተመለሰች። መክደኛውን በእጇ ደበደበችው፣ ወደደችው። ከዚያ ሌላ ጣጣ አመጣች። «እትዬ፣ ከርስዎ ወለልና ከጋሼ ኮርኒስ መሐል ውፍረት አለ፤ ሳንቃው፣ ከሥሩ ደግሞ ሞራሌው። እሱ የማን ነው? ለማንም ካልተሰጠ ባዶ ይሆናል፣ ለሁለታችሁም ከሰጠሁት ይደራረባል። ሁለቱ ባለቤቶች እየተደማመጡ አንድ መስመር ሊነግሩኝ ይገባል። በእናንተ ቃል ነው የምዘጋው።»

«እየተደማመጡ?» አለች የአጎቴ ልጅ ከበሩ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ግን ድምጿ ውስጥ አንድ ነገር ቂጢጥ ብሎ ሲደንስ ሰማሁት። «አባዬ እሷን አይናገርም፣ እሷም እሱን አትናገርም። እንግዲህ ምን ይደረጋል?»

«እኔ አልለምንም» አለች አክስቴ።

ቀያሿ ተነፈሰች። «መሣሪያው አንዴ እስኪዞር እጠብቃለሁ። ያኔም ካልተናገራችሁ ቀይ ሆኖ ያድራል፤ እኔም ነገ ሌላ ሰፈር ነኝ።» መሣሪያዋን መሐል ተከለች፣ ሁሉንም ወደ ደረጃው አስወጣች። እኔ ግን ደረጃው ላይ አልቆምኩም። ወረድኩ።

አጎቴ መቁረጫ ጠረጴዛው ጀርባ ቆሟል። ይህ ሰው አፉ ውስጥ ስፒል ሰክቶ ነው የሚውለው፤ የማይመልሰውን ነገር ስትጠይቀው ወደ ስፒሎቹ ያመለክታል፤ «አፌ ሥራ ላይ ነው» ማለቱ ነው። ዓይኖቹ ግን ኮርኒሱ ላይ ናቸው። እውነቱን ብነግረው ስፒሉን እንደሚያሳየኝ አውቃለሁ። ስለዚህ የምችለውን ነገርኩት።

«ጋሼ፣ አለቀ። ክፍሉን ለፋርማሲው መዘገቡት።»

ስፒሎቹ እንደ በረዶ ጠረጴዛው ላይ ረገፉ። «ለማን?»

«ለፋርማሲስቱ። አልጋዋ መደርደሪያው ውስጥ ስለታየ የሱ ነው ተባለ። እትዬም ‹ይሁን› ብላ ጣሳዎቿን እየሰበሰበች ነው።»

አጎቴ ያን ጠረጴዛ የሚያከብረው ውሃ የያዘ ብርጭቆ እንኳ እስከማያስቀምጥበት ድረስ ነው። ያን ቀን ከነጫማው ወጣበት። የተዘረጋ ጨርቅ ረገጠ፣ ሜትሩ ከአንገቱ ተንሸራተተ፣ እጁን እንኳ አላስቀደመም፤ እንደ ወይፈን በግንባሩ መክደኛውን መታው። መክደኛው በአንድ ምት ወደ ላይ ተገለበጠና ጭንቅላቱ ወጥቶ ሄደ። ከዚህ በኋላ ያየሁት ከአንገት በታች ያለውን አጎቴን ብቻ ነው፤ የቀረውን በጆሮዬ ነው የማወራው። ከላይ ሩጫ ተሰማ። ከዚያ አጎቴ ከዓመታት በኋላ ለአክስቴ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል፦

«አልጋሽ ሥር እንዴት ያለ አቧራ ነው ያለው!»



«ይሄን ልትለኝ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት ስታሰላስል የኖርከው?» አለች አክስቴ።

«ዓይኔ ያለው እዚያ ነው። ምን ላድርግ?»

«ውረድልኝ!»

«አልችልም። ጆሮዬ ይዞኛል።» እግሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተንፈራገጡ። «ፋርማሲስቱ የታለ? ይምጣ እስቲ! እህቴን አልጋዋን ሊወርስ!»

«የምን ፋርማሲስት?» አለች። እኔ ከጠረጴዛው ሥር የሚነሣ ስፒል ፈለግሁ።

ቀያሿ ብልህ ናት፤ ዕድሏን አላሳለፈችም። «ጋሼ፣ እዚያው እያሉ ልጠይቅዎ?»

«ሌላ የት እሄዳለሁ?»

«ሳንቃው የማን ነው?»

«የሷ ነዋ! የማንን ነው የምትረግጠው?»

«ሞራሌውስ?»

«እሱ የኔ ነው። አምፖሌን ተሸክሞልኛል።»

«እኔ በሰው ሞራሌ ላይ አልተኛም» አለች አክስቴ።

«እንግዲያው ውሰጂው!»

«አልወስድም! ነገ ‹አምፖሌን ነጠቀችኝ› ብለህ ልታወራብኝ!»

«እኔ ለማን ነው የማወራው?» አለ አጎቴ፤ ይህንስ የሚክደው አልነበረም።

«አባዬ» የአጎቴ ልጅ ድምፅ መጣ፣ «ገዢው እኮ ሙሉውን ነው የሚፈልገው።»

«ነይ ፊቴ ቁሚ፤ አንገቴ አይዞርም። ዝቅ በይ። እንደሱ።» ጉልበቷ ሳንቃው ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። «ልጄ፣ ገበሩን በጥሰሽ አውጥተሽ ኮት ልሽጥ ብትይ ማን ይገዛሻል? ሱቁንም ላይኛውንም እኔ ሳልፍ እንደፈለግሽ አድርጊው። መሐሉን ግን የሰጣት አባቴ ነው። እኔ ዝም ማለቴ የሷን አይቀንሰውም።»

አጎቴ ራሱ በቃሉ የደነገጠ ይመስል እግሮቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። ቆይታ አክስቴ ተናገረች፤ ድምጿ ሥራ ላይ እንዳለች ዓይነት ነበር። «ሞራሌው የሱ ይሁን። ሳንቃው የኔ። መስመሩን በሳንቃው ጀርባ አድርጊው።» ከዚያ ነገረኛ ስለሆነች ጨመረችበት፦ «ምስማሩስ? በኔ ሳንቃ ገብቶ ያለው የሱ ሞራሌ ውስጥ ነው።»

«ምስማር አንመዘግብም፣ እትዬ» አለች ቀያሿ።

«እንግዲያው እሱ የጋራ ይሁና» አለ አጎቴ።

ጆሮውን ያስለቀቅነው በሳሙና ውሃ ነው። አክስቴ ከላይ እየቀባች ገፋችው፣ እኔ ከታች እግሩን ጎተትኩ፣ የአጎቴ ልጅ «ቀስ! ቀስ!» እያለች ስትመክር፣ እንደ ቡሽ ተስፈንጥሮ ወጣ። ድምፁን የሰሙ ጎረቤቶች ጎማ ፈነዳ ብለው ወደ መንገድ ወጡ፤ አንድ ታክሲ ነጂ ወርዶ አራቱንም ጎማዎቹን ረግጦ አይቷል። አጎቴ ጆሮዎቹ ቀልተው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ፋርማሲስቱ የት እንዳለ ዳግመኛ ጠየቀኝና፣ ፊቴን አይቶ ሲገባው፣ «አንተ ቀጣፊ» አለ። ግን መቀሱን አላነሣም። እኔም ዕድሌን ሳላባክን ወደ ላይ ሮጥኩ።

ቀያሿ አልጋው ላይ ተቀምጣ ታብሌቷን ይዛለች፤ የአጎቴ ልጅ ከጎኗ፣ አክስቴ ከኋላዋ። መሣሪያው የማንንም ጠብ ሳይጠብቅ ዞሮ ሥራውን ጨርሷል። ሥዕሉ ላይ የአክስቴ ክፍል አማረ፤ ግድግዳው ቀጥ ብሏል፣ ወለሉ ለጥ ብሏል። ከወለሉ መሐል ግን በግራጫ ነጠብጣብ የተሠራ ጭንቅላት በቅሏል፤ ግንባር፣ አፍንጫ፣ ተከፍቶ የቀረ አፍ። የተነሣው በትክክል ስለ አቧራው ሲናገር ነው።

«ይሄ ሳለ አይዘጋልኝም» አለች ቀያሿ። «ግማሹ ከሳንቃው በላይ ነው፣ ግማሹ በታች። ኮምፒውተሩ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀኛል። ምሰሶ ነው? ቧንቧ ነው? ጭስ ማውጫ ነው?»

የአጎቴ ልጅ ልትስቅ ፈልጋ አክስቴን አየችና ተወችው። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ያን ሁሉ ዓመት የወንድሟን ጠመኔ እንጂ ፊቱን አላየችውም፤ ሲያልፍ ሲያገድም እንኳ አንዳቸው ቀድመው ዓይናቸውን ይሰብሩ ነበር። አሁን በነጠብጣብ የተሠራውን ብዙ ጊዜ ተመለከተች። ግንባሩ ወደ ኋላ እንደሸሸ፣ ጉንጩ እንደገባ አየች መሰለኝ።

«እንዴት አርጅቷል» አለች። ከዚያም መነጽሯን አወለቀች። «አጥፊው ልጄ። ሰውየው እንደ ሰው በደረጃው ይምጣ።»

ቀያሿ በጣቷ ነካችው፤ ጭንቅላቱ ጠፋ፣ ወለሉ ገጠመ፣ ሣጥኑ አረንጓዴ ሆነ። የአክስቴን ስም ጻፈችበትና አሳየቻት። አክስቴ አነበበችው፣ በከንፈሯ ደገመችው፣ «የኔ ነው» አለች፤ ለማንም ሳይሆን።

በመክደኛው ክፍተት የአጎቴ ድምፅ ሽቅብ መጣ። «ደረጃው ስንት ነው?»

«ቁጠረዋ!» አለችው።

«ጉልበቴ እኮ...»

«እያረፍክ ና! ማን አባረረህ?»

የሱቁ በር ተከፈተ። ትንሽ ቆይቶ የብረት ደረጃው ጮኸ፣ ቆመ፣ እንደገና ጮኸ። የአጎቴ ልጅ ልትደግፈው ወጣች። አክስቴ ወንበሯ ላይ የተከመረውን ጨርቅ ሁሉ አፍሳ አልጋው ላይ ወረወረችና፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረችው።